የተራመደው ድንጋይ

ግድግዳሽ ስልሳ ሳንቲሜትር ከደንብ ውጭ ነው ያለኝ የማዘጋጃ ቤት ሰው፣ ራሱ ቁመቱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። በሰው ቁመት ወሬ መጀመር ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም። የዚያን ቀን ቆሽቴ አሮ ነበር፣ ዛሬም ሙሉ ለሙሉ አልበረደልኝም።

የመጣው የፀጉር ቤቴን ፈቃድ ሊጨርስልኝ ነው። ከቤታችን ጎን ያለችውን፣ ድሮ የተሰበረ አልጋና አሮጌ ወንበር የምናጉርባትን ክፍል አጽድቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ሁለት መስታወት ሰቅዬ፣ ደንበኛ ጭንቅላቷን አስገብታ ፀጉሯን የምታደርቅበትን ካስክ ጥግ ላይ አቁሜ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ወረቀት ብቻ ነው። ሰውዬው ግን መስታወቱንም ካስኩንም ዞር ብሎ አላየ። ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ከጎረቤታችን ወሰን ድንጋይ ጀምሮ እስከ ክፍሏ ግድግዳ ለካ፣ ተጎንብሶ አነበበ፣ ደግሞ ለካ። ሁለት ሜትር መሆን የነበረበት አንድ ሜትር ከአርባ ሆኖ ተገኘ። ግድግዳውን ወደ ውስጥ ካላስገባሽ ፈቃድ የለም አለኝ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ክፍሏ ለፀጉር ቤት ከሚፈቀደው ስፋት በታች ትሆናለች፣ ስለዚህ ያኔም ፈቃድ የለም። በዚህም በዚያም ዘጋብኝና ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ።

ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል። እኔ ግን የድሮ ሥራዬን የለቀቅኩት በሰላም አይደለም። ማዳም እያልን የምንጠራት አሠሪዬ ለደንበኞቿ ከውጭ የመጣ ነው እያለች የምትቀባው ቅባት ጓዳ ውስጥ በባልዲ እንደሚበጠበጥ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ወንበሩ ሁሉ ሰው ሞልቶት እያለ፣ ጮክ ብዬ ተናግሬ ነው የወጣሁት። አንዷ ደንበኛ ቅባቱን ጭንቅላቷ ላይ እንደተሸከመች ነበር ብድግ ያለችው። እዚያ ቤት ከምመለስ ሞቼ ብገኝ ይሻለኛል ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውጄአለሁ። አሁን ክፍሏ ካልተፈቀደችልኝ ያለኝ በር የማዳም በር ብቻ ነው።

ወደ ጥፋተኛው እንምጣ። ክፍሏን የሠራት የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ግንበኛ ነው፣ ሰፈሩ ውሃልክ ይለዋል። ግንበኛ ሁሉ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ ውስጧ አረፋ የምትንሸራተት ውሃልክ የምትባል መሣሪያ አለችው፤ አጎቴ ግን ዓይኔ ራሱ ውሃልክ ነው ብሎ በሕይወቱ ገዝቶ አያውቅም። ሜትርም አይወድም። ሜትር የያዘ ግንበኛ ሲያይ እጁን ይዛችሁ መንገድ አሻግሩት እያለ ያላግጣል። እሱ የሚለካው በሲባጎ ነው። እንጨት ላይ የተጠቀለለች፣ ከላብና ከሲሚንቶ ብዛት ቀለሟ የጠፋ፣ ሁለት ሜትር ናት ብሎ የማለላት አንዲት ሲባጎ ነበረችው።

አባዬ ከድንጋዩ እስከ ክፍሏ ግድግዳ ያለውን በሜትር የለካው ክፍሏ ጣሪያ ከለበሰች በኋላ ነው። ስልሳ ሳንቲሜትር ጎደለ። ወንድሙን ጠርቶ ይሄ ነገር እንዴት ነው ብሎ ጠየቀው። አጎቴ ግድግዳውን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ትንሽ ሰማዩንም አየ፣ ከዚያ ድንጋዩ ተራምዷል አለ።

ተራምዷል! ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ሁለት ጎረምሳ የማያነቃንቀው የወሰን ድንጋይ። አባዬ እየሳቀ እባክህ ተሳሳትኩ በልና እንገላገል አለው። አጎቴ ወይ ፍንክች። ክፍሏ ዕቃ ማጎሪያ ስለነበረች ማንም ግድ አልሰጠውም፤ ነገሩ ግን በቤተሰቡ ውስጥ አልሞተም። አንድ ዓመት ድንጋዩን ጎርፍ ገፍቶታል፣ በሌላው ዓመት የዛፍ ሥር አንስቶታል፣ በሦስተኛው መሬቱ ራሱ ተንሸራቷል። እኔ ልጅ ሆኜ ጠዋት ስነሳ ድንጋዩ ዛሬ የት ደረሰ እያልኩ እማዬን አስቃት ነበር።

አባዬ ደግሞ የራሱን ልማድ ያዘ። ወንድሙን ባገኘው ቁጥር ከሁሉ በፊት ሲባጎህ እንዴት ነው ይለዋል። ጤናውን፣ ሥራውን፣ ልጆቹን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ደህና ነው ይልና ወሬ ይቀይራል። እኔ የሥራ ዕቃውን ደህንነት የሚጠይቀው ይመስለኝ ነበር። አባዬ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ፣ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ እያለው፣ ሊጠይቀው የገባውን ወንድሙን ሲባጎህ እንዴት ነው አለው። አጎቴ ደህና ነው አለ፣ ትራሱን አስተካከለለት፣ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተገናኙም።

ለካ ማዘጋጃ ቤት የልዩ ሁኔታ ፈቃድ የሚባል ነገር አለው። ደንቡ እንዳለ ሆኖ፣ ላንቺ ሲባል ግን አንድ ዓይናችንን እንጨፍን የሚሉበት ወረቀት ነው። ይህን የነገረኝ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ደረጃ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሰው ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ነው። መላ ነው የሚሉት፤ ምንም ብትነግሩት መላ አለው ስለሚል። ፀጉሩን ከአንድ ጆሮው ላይ አንስቶ በራውን አሻግሮ ሌላው ጆሮው ላይ ያሳርፈዋል። ራሱን እንዲህ የሚሸፍን ሰው ለእኔም ነገር መሸፈኛ አያጣም ብዬ አመንኩት።

መላ ሁኔታውን አስረዳኝ። አንደኛ፣ ግድግዳው የተጠጋበት ጎረቤት አልቃወምም ብሎ መፈረም አለበት። ሁለተኛ፣ ስህተቱ በአመልካቿ እጅ የተሠራ መሆን የለበትም። የተሳሳተው ሰው በሕይወት ካለ፣ ራሱ አፍርሶ ራሱ ያስተካክላል። ሞቶ ከሆነ ግን ወራሽ በማያውቀው አይቀጣም፣ ፈቃዱ ይሰጣል። እንግዲህ ከሁሉ የሚመቸው የሞተ ሰው ነው አለኝና ሳቀ። እኔም እንደ ቀልድ አይቼው ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው ያቺን ሳቄን መልሼ ብውጣት ደስ ይለኛል።

ጎረቤቱ አላስቸገረኝም። ጋሽ ጎረምሳ ነው የምንለው፤ ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ሆኖ ፀጉሩ ግን እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ቀለሙን የምቀባው እኔ ነኝ፣ እሱም እኔም እናውቃለን፣ ሌላ ሰው ካወቀ ግን ያንቀኛል። በጓዳ በር ገብቶ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ቀለሙ እስኪይዝ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እያማ ይቀመጣል። ፈርምልኝ ስለው ይኼ ክፍል ከተከፈተ በኋላም በጓዳ በር ነው የምገባው አይደል ብሎ ጠየቀኝ። በጓዳ በር ነው አልኩት። ፈረመ።

የቀረው ድንጋዩ ነው። መላ የአጎቴን ታሪክ ሲሰማ ዓይኑ በራ። የመሬት መንሸራተት ብለን እንጽፈዋለን፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ግንበኛው ራሱ ቀርቦ ይመስክር አለ። አጎቴ ይህን ስነግረው የሆነውን ብታዩ። ያን ሁሉ ዘመን ድንጋዩ ተራምዷል እያለ ሰው ሲስቅበት ኖሮ፣ አሁን ወረቀትና ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት ድንጋዩ እንዴት እንደተራመደ ሊሰማው ቀጠሮ ያዘለት። ኮቱን አውጥቶ በውሃ ጠረገ፣ ጫማውን አስጠረገ፣ እኔ ጋ መጥቶ ፀጉሬን አሳጥሪኝ አለ። እያሳጠርኩት ምስክርነቱን ይለማመዳል። ዝም በል ጆሮህን እቆርጠዋለሁ እስክለው ድረስ።

ከዚያ በፊት ግን መስኮቶቹን ማለፍ ነበረብኝ። የማዘጋጃ ቤት መስኮት ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ዕድሉን ያመስግን። አንደኛዋ ይሄ እኔ ጋ አይደለም ብላ ወደ ሁለተኛው ትልክሻለች፣ ሁለተኛው ማን ላከሽ ብሎ ወደ አንደኛዋ ይመልስሻል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ምሳ አብረው ይበላሉ። ካርታው ይጎድላል፣ ካርታው ሲመጣ የካርታው ቅጂ ይጎድላል፣ ቅጂው ሲመጣ ማኅተሙ ደብዝዟል። አንዷን ሠራተኛ የፀጉርሽ ጫፍ በእሳት ተቃጥሏል፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ ብዬ ጠየቅኋት። ማዳም አለችኝ። ስከፍት ነይ በነፃ አስተካክልልሻለሁ አልኳት። ጉዳዬ የልዩ ሁኔታ ፈቃድ ለሚሰጠው ኮሚቴ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀኑ ደረሰና እኔ፣ እማዬ፣ አጎቴ፣ መላና ጋሽ ጎረምሳ ሁለተኛ ፎቅ ወጣን። ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ክፍል ውስጥ አንድ እግሩ ያጠረ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ካርቶን አጣጥፈው አስደግፈውታል፣ ሆኖም ይወዛወዛል። ከተማውን በሙሉ ቀጥ በል የሚሉት እዚህ ተቀምጠው ነው። አጎቴ ገና ከበሩ ሲያየው ሦስት ጣት ጎድሏል ብሎ በሹክሹክታ ነገረኝ። ከጠረጴዛው ጀርባ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጎትታ ያሰረች ሰብሳቢ፣ እስክሪብቶ የሚያኝክ መሐንዲስና ያ አጭሩ ሰውዬ ተቀምጠዋል። ዳር ላይ አንዲት ጸሐፊ የሚባለውን ሁሉ ትጽፋለች።

አጎቴ ተጠራ። ኮቱን ቆልፎ ተነሣ። ዝናቡን፣ የመሬቱን ዓይነት፣ ድንጋዩ በየዓመቱ ስንት እንደሚሄድ በእጁ እየለካ አስረዳ። እውነቴን ነው፣ ያማረ ንግግር ነበር። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ድንጋዩ ሲሄድ የታየኝ መሰለኝ። ሲጨርስ መሐንዲሱ እስክሪብቶውን ከአፉ አወጣና አንድ አሮጌ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ድንጋዩ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ አንድ ጣት አልተነቃነቀም፣ ካርታው ላይ ያለው ቦታና ዛሬ ያለበት ቦታ አንድ ነው አለ። ሰብሳቢዋ እንግዲያው ግድግዳው ነው በስህተት የተሠራው፣ ማን ነው የተሳሳተው ብላ ጠየቀች። አጎቴ ኩም ብሎ ተቀመጠ። እኔም ፀጉር ቤቴ ከዓይኔ ፊት ሲዘጋ አየሁት።

መላ ብድግ አለ። በራው ላይ ያለችውን ፀጉር በእጁ አሰማምሮ፣ ክቡራን፣ እውነቱን ለመናገር ተገድጃለሁ አለ። ቤቱን ያስገነቡት ሟች የአመልካቿ አባት ናቸው፣ ቦታ ለመስረቅ ሲሉ ግድግዳውን ሆን ብለው ወደ ጎረቤት አስጠግተው አሠርተዋል፣ ግንበኛው የታዘዘውን ሠራ፣ ልጅቷ ደግሞ ወራሽ እንጂ አጥፊ አይደለችም አለ። ይህን ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። ክው ብዬ ቀረሁ። አባዬ እኮ ባለሱቁ አብልጦ የቆጠረለትን ሚስማር ለመመለስ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ነበር። ጋሽ ጎረምሳ ደግሞ ሳይጠየቅ ተነሥቶ እኔም ድሮም ጠርጥሬ ነበር አለ። እኔ በቀለም ያጠቆርኩትን ጭንቅላቱን እየነቀነቀ!

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ደግሞ ጠቀለለች።

አፌ ያልተከፈተው ግን ደንግጬ ብቻ አይደለም። ሰብሳቢዋ ፊቷ ፈታ ብሎ፣ ይህስ ግልጽ ነው ብላ እስክሪብቶዋን ስታነሣ አይቻለሁ። ፈቃዱ ልትጽፍልኝ ነው። አባዬ ሞቷል፣ የሚባለውን አይሰማም አልኩ በልቤ። ካስኩ ግን አለ፣ መስታወቶቹ አሉ፣ ማዳምም በሯ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ዝም ብል ማን ይከሰኛል?

አጎቴ እንደገና ተነሣ። ማንም አልጠራውም።

«ወንድሜን ሌባ አታድርጉት» አለ። «ሁለት ሜትር ለካ ነው ያለኝ። ሜትርም ሰጥቶኝ ነበር፣ ንቄ መለስኩለት። የክፍሏን ስፋት በብሎኬት ቆጠርኩ፣ ከወሰኑ ያለውን ብቻ በሲባጎዬ ለካሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት ቀበቶዬ ተበጥሶ ነበር። ሱሪዬ አልቆም ሲለኝ ከሲባጎዋ ጫፍ ቆርጬ የቀበቶ ማስገቢያዎቹን ጎትቼ አሰርኩበት። ከዚያ መቁረጤን ረሳሁና በቀረችው ለካሁ። ማታ ሱሪዬን ስፈታ ነው የገባኝ፤ መሠረቱ ግን ተሞልቶ አልቋል። ድንጋዩ የትም አልሄደም። የጎደለው እኔ ወገብ ላይ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው ጸሐፊዋ ናት፣ አፏን በእጇ ሸፍና። ቀጥሎ የመሐንዲሱ እስክሪብቶ ከአፉ ወደቀ። አጭሩ ሰውዬ ጠረጴዛውን ይዞ ሲስቅ ጠረጴዛው አብሮት ተወዛወዘ። የእኔም ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ የአጎቴን እጅ አየሁት። ሳያውቀው ሄዶ ቀበቶው ላይ አርፏል፣ አሁንም የሚፈታበት ይመስል ጨብጦ ይዞታል። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ሰብሳቢዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ክፍሉ ፀጥ እስኪል ጠበቀች። የተሳሳተው ሰው በሕይወት ካለ ፈቃዱ እንደማይሰጥ፣ እኚህ አባት የተናገሩት ከተጻፈ ጉዳዩ እዚህ እንደሚያበቃ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ጸሐፊዋ ገና አልጻፈችውም ነበር። ከዚያ ሰብሳቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አጎትሽ አንዳንድ ጊዜ ነገር ይምታታባቸዋል እንዴ? በዕድሜ ምክንያት?»

ያቺን በር ለእኔ ብላ ነው የከፈተችልኝ። መላ ከኋላዬ ሆኖ ተረከዜን በጫማው ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገኝ። አዎ ማለት ብቻ ነው። አንዲት አዎ ብል አጎቴ ጃጅቷል፣ አባዬ ቦታ ሰርቋል፣ እኔ ግን በሬን ከፍቼ መስታወቴን እወለውላለሁ። እማዬን አየኋት። እኔን አትመለከትም፣ የምትመለከተው አጎቴን ነው፣ ከአባዬ ቀብር ወዲህ እንዲህ አተኩራ አይታው አታውቅም። አጎቴ ደግሞ የጠረጴዛውን አጭር እግር እያየ ቆሟል። የምለውን አላውቅም ነበር፣ ስናገር ነው እኔም የሰማሁት።

«አይምታታበትም» አልኩ። «ዕድሜውን ሙሉ ሲምታታበት ኖሮ ገና ዛሬ ነው የጠራለት። እንደተናገረው ይጻፍልኝ።»

ተጻፈ። ማመልከቻዬ ውድቅ ሆነ፣ ግድግዳውን ግንበኛው ራሱ አፍርሶ በሁለት ሜትር ላይ መልሶ ይሥራ ተባለ። መላ ደረጃውን ስንወርድ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም፣ እኔ ሞቼ ላድናችሁ ስል እናንተ ገደል ትገባላችሁ እያለ አጉረመረመ። የሞትከው አንተ አይደለህም፣ አባቴን ነው የገደልከው፣ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ አልኩት። ፀጉሩን ስለማድረቅና ስለመላጨትም አንድ ሁለት ነገር ጨመርኩለት፣ እዚህ አይደገምም።

ውጭ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አጥር ሥር፣ እማዬ ቆመች። ደክሟት መስሎኝ ነበር። አጎቴን ክንዱን ይዛ አስቆመችው።

«ያውቅ ነበር» አለችው። «ያን ቀን ማታ ስትታጠቡ ሲባጎዋን ወገብህ ላይ አይቷታል። ርቀቱ ጎድሎ ሲገኝ ወዲያው ገባው። እኔን ግን ለሰው ብትነግሪ ወንድሜን የሰፈር መሳቂያ ታደርጊዋለሽ ብሎ አስማለኝ። ራሱ ይናገረው ይል ነበር።»

አጎቴ የአጥሩ ግንብ ላይ ቁጭ አለ። ኮቱ ይቆሽሻል፣ ምንም አልተሰማውም። ሲባጎህ እንዴት ነው ሲለኝ ለካ፣ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። አባዬ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በየመንገዱ፣ በየደጁ፣ በመጨረሻ ከዚያች ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ በሩን ሲከፍትለት ኖሯል፣ እሱ ደህና ነው እያለ ሲዘጋው። አንጀቴን በላኝ። ያበሳጨኝን ያህል አንጀቴን በላኝ።

እንግዲህ አቅፌ አልቅሼ ይቅር አልኩት ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ሳምንቱን ሙሉ ስሰድበው ከረምኩ። ካስኩን ለሌላ ሰው ሰጠሁ፣ መስታወቶቹን አወረድኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ማዳም ደጃፍ ቆምኩ። ማዳም ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ወደ ጓዳ አመለከተችኝ። የተሰጠኝ ወንበር ሽንት ቤቱ በር ሥር ያለው ነው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ክርኔን ይመታኛል። ባልዲውን አሁን የምበጠብጠው እኔ ነኝ። ከየት የመጣ ነው ብለው ሲጠይቁኝ ከውጭ ነው እላለሁ።

ጋሽ ጎረምሳ በጓዳ በር ሁለቴ መጥቶ አንኳኳ። እማዬን የለችም በይው አልኳት። አሁን ከፀጉሩ ሥር ሁለት ጣት ነጭ ወጥቶበታል፣ ሰፈሩ እያየ ነው፣ ቆብ ማድረግ ጀምሯል። ይኼ ትንሽ አንጀቴን አርሶታል።

አጎቴ ግድግዳውን ለማፍረስ በመጣበት ቀን መዶሻና መሮ ይዞ ነበር። ሌላም ነገር ይዟል፤ ከነላስቲኩ ያለ፣ ቢጫ፣ አዲስ ሜትር። ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደና ሜትሩን በሁለት ጣቱ፣ እንዳይነክሰው የሚፈራ መስሎ ያዘው። ከዚያ ጫፉን ያዢልኝ አለኝ። ድንጋዩ ላይ ተንበርክኬ ጫፉን ያዝኩለት። ሁለት ሜትር ላይ ምልክት አደረገ፣ ተነሣ፣ አየ፣ እንደገና ጎተተ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይም ሄዶ ለካ። ሲጨርስ ሜትሩ ልክ ነው አለኝ፣ ሜትሩን ለዕድገት የሚያጭ አለቃ መስሎ። ልስድበው ፈልጌ ሳቄ ቀደመኝ።

ብቻውን አፈረሰ፣ ብቻውን ሠራ። እኔ ማዳም ቤት ውዬ ክርኔን እያሸሁ ስመለስ ግድግዳው ትንሽ ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ክፍሏ ጠበበች፣ አልጋና አንድ ወንበር ብቻ ትይዛለች፣ እማዬ የእንግዳ መኝታ ናት አለች፣ የትኛው እንግዳ እንደሆነ ግን አልነገረችንም።

ልስኑን በጨረሰበት ቀን ከሥራ ስገባ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እርጥቡን ግድግዳ በመዳፉ እየዳሰሰ አገኘሁት። ሜትሩ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላ ሲታይ ትከሻው፣ አንገቱ፣ ጆሮው ሁሉ አባዬን ነው የሚመስለው። ደህና ዋልክ ልለው ነበር አፌን የከፈትኩት።

«ሲባጎህ እንዴት ነው?» አልኩት።

እጁ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቆመ። ወደ እኔ አልዞረም። ደህና ነው ብሎ ወሬ ይቀይራል ብዬ ጠበቅኩ፤ ግንባሩን ወደ እርጥቡ ልስን ጠጋ አደረገ።

«አጥራብኝ ነበር፣ ወንድሜ» አለ።